ሄልሜቱን ለማሰር ስል ራሴን እንዴት እንዳሰርኩ

የቆመ ሞተር ላይ ሄልሜት እንዴት እንደሚታሰር አንድ ሰው አስቀድሞ ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ሦስት ሄልሜት፣ አንድ ሙሉ የሥራ ቀንና ጥቂት ክብር ይተርፉልኝ ነበር። የነገረኝ ስላልነበረ እኔ ልንገራችሁ።

ሥራዬ የፎቶ ኮፒ ማሽንና የፕሪንተር ጥገና ነው። ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ሆጤ፣ ከሆጤ ቧንቧ ውሃ ስመላለስ እውላለሁ። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርጄ ኮምቦልቻ፣ ወይም በሌላው አቅጣጫ ሐይቅ ድረስ እሄዳለሁ። በቀን ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ሞተሬን አቆማለሁ። ስወርድ አንዱ እጄ የመሣሪያ ሣጥን፣ ሌላው ቶነር ይዟል። ሄልሜት የሚይዝ ሦስተኛ እጅ አልተፈጠረልኝም።

«ሄልሜትህን ይዘህ ግባ» የሚለውን ምክር ከሻጩም፣ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ካስተማሩኝም ሰምቻለሁ። ይህን የሚመክሩ ሰዎች በሞተር ሄደው ቢሮ የገቡ አይመስለኝም። የባንክም ሆነ የመሥሪያ ቤት ጥበቃ ሄልሜት ሲያይ ፊቱ ይለወጣል።

«እሱን አስቀምጠህ ግባ።»

«የት ላስቀምጠው?»

«እሱ የራስህ ጉዳይ ነው።»

የራሴ ጉዳይ ሆነና የመጀመሪያውን ሄልሜት ስፖኪዮ ላይ ሰቅዬው ገባሁ። ሃያ ደቂቃ አልቆየሁም፤ ስወጣ ስፖኪዮው ብቻውን ነበር። ስለዚህኛው ብዙ አልልም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሌባ ባይኖርም እንኳ ስፖኪዮ ላይ መስቀል ጥሩ አይደለም። የስፖኪዮው ዘንግ ጭንቅላትን ከግጭት የሚያድነውን የውስጡን ነጭ ፎም እየወጋ ያጎደጉደዋል። ነፋስ ሲመጣ ደግሞ ሄልሜቱ አስፋልት ላይ ነው። ቤንዚን ታንከሩ ላይ ማስቀመጥም አይመከርም፤ የቤንዚን ትነት ያንኑ ፎም ይበላዋል።

ሁለተኛው ሄልሜት የጠፋው በሌላ መንገድ ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ በርካታ ሞተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ከወንበራቸው ሥር ወይም በጎናቸው ትንሽ የሄልሜት መንጠቆ አላቸው። የአገጩን ማሰሪያ ቀለበት መንጠቆው ላይ አስገብቶ ወንበሩን መዝጋት ብቻ ነው። ሳንቲም አያስወጣም፤ የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍም የሚለው ይህንኑ ነው። እኔም መንጠቆውን ያገኘሁ ቀን እንደ ሀብት ቆጠርኩት። ነገር ግን ማሰሪያው ጨርቅ ነው፤ ጨርቅን ደግሞ የአንድ ምላጭ ስባሪ ይበቃዋል። አንድ ቀን ከሰዓት ስወጣ ሁለቱ ቀለበቶችና የጣት ርዝመት ያላት የተቆረጠች ጥብጣብ መንጠቆው ላይ ተንጠልጥለው ጠበቁኝ።

ማሰሪያ የሌለው ሄልሜት ማን ይገዛል ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ከወር በኋላ ገበያ ውስጥ በጫማ ሰፊ ክር ማሰሪያው የተቀጠለ ሄልሜት ተዘርግቶ ሲሸጥ አየሁ። የእኔ አልነበረም፤ ግን ገባኝ። እግረ መንገዴን ልናገር፤ እንዲህ የተሰፋ ሄልሜት በነጻ ቢሰጣችሁም አታጥልቁት። የፋብሪካው ማሰሪያ ከቅርፊቱ ጋር በብረት የተያያዘው በምክንያት ነው፤ በክር የተቀጠለው በወደቃችሁበት ቅጽበት ተበጥሶ ይሄዳል።

ስለዚህ ወደ ብረት ገመድ ዞርኩ። መጀመሪያ ከጋራዥ የተጣለ የፍሪሲዮን ገመድ ለምኜ አመጣሁ፤ በነጻ። ቀጭን ስለሆነ ቤት ውስጥ በፒንሳ ሞከርኩት፤ እንደ ስፌት ክር ተቆረጠ። ተመልሼ ከአሮጌ ሚኒባስ የወጣ ወፈር ያለ የእጅ ፍሬን ገመድ፣ አንድ ሜትር ያህል፣ በአንድ ኪሎ ሙዝ ዋጋ ገዛሁ። ሁለቱንም ጫፎች አጥፌ ዳዶ ባላቸው የብረት ማያያዣዎች አጠበቅኋቸው። ጓደኛዬ «አስበይደው» ብሎኝ ነበር፤ እንኳን አልሰማሁት፤ የብየዳ ሙቀት የገመዱን ሽቦዎች ያደክማቸዋል። ሄልሜቱንና የሞተሩን ቀለም እንዳይፍቀው የተቀደደ የብስክሌት ከመነዳሪ አለበስኩት። ገመዱ በሄልሜቱ ፊት ገብቶ በአንገቱ በኩል ይወጣል፤ የአገጩን ቅርፊት ያቅፋል ማለት ነው። ሌባው ማሰሪያውን ቢቆርጥ ምንም አያገኝም፤ ሄልሜቱን ለመውሰድ ራሱን ሄልሜቱን ለሁለት መክፈል አለበት። ይህ የሚሆነው ሙሉ ፊት በሚሸፍነው ዓይነት ብቻ ነው። አገጭ የሌለው ሄልሜት ያላችሁ፣ አንዱ መጥቶ «በድሪል ቀዳዳ አውጣለትና ገመድ አሳልፍበት» ቢላችሁ አትስሙት፤ የተበሳ ቅርፊት ጥንካሬው ጎድሏል።

እስከዚህ ድረስ በሠራሁት እኮራለሁ። ከዚህ በኋላ የመጣውን ግን ሳስታውስ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

ለገመዱ ጓጉንቸር ያስፈልግ ነበር። ሱቁ ውስጥ ሁለት ነበሩ፤ ከባድ የነሐስ ጓጉንቸርና ብርማ ቀለም የተቀባ ቀላል ነገር። ርካሹን መረጥኩ። ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ ሁለቱንም አንድ ቀለበት ላይ አድርጌ ኪሴ ከተትኩ። ገመዱን ደግሞ ለእጄ ስለቀረበኝ ብቻ ከወንበሩ ኋላ ባለው የተሳፋሪ መያዣ ብረት ዙሪያ አሰርኩት። በሦስት መስመር ሦስት ስህተት ነግሬአችኋለሁ።

ክረምት ነበር። የደሴን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሶ ቀኑን ሙሉ ያንጠባጥባል። ጓጉንቸሩ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ማንቋረር ጀመረ። እኔ ደግሞ የሰው ማሽን ዘይት እየቀባሁ የምውል ሰው ለራሴ ቁልፍ አንዲት ጠብታ ነፈግሁት።

አንድ ዓርብ ከደሴ ውጭ ወደ አንዲት ከተማ ለሥራ ወጣሁ። ስሟን አልጠቅስም፤ ከተማዋ ምን አጠፋች። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሥራዬን ጨርሼ ቁልፉን ጓጉንቸሩ ውስጥ ከትቼ ሳዞር እምቢ አለኝ። ጫን አልኩት። ጠቅ አለና ግማሹ እጄ ላይ፣ ግማሹ ውስጡ ቀረ። መለዋወጫው ቁልፍ እዚያው ቀለበት ላይ ነው፤ ግን ስባሪው የተሸጎጠበት ቀዳዳ ውስጥ ምን ሊያደርግ!

ዓርብ በዚያ ሰዓት ብረት ሠሪውም ጋራዡም ጁምዓ ሄዷል። በሩ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት ሁኔታዬን አይታ፣ «አብሽር ወንድሜ፣ ሲመለሱ ይቆርጡልሃል። ቁጭ በልና ሻይ ጠጣ» አለችኝ። በዚያች ቀን የተሰጠኝ ብቸኛ ትክክለኛ ምክር ያ ነበር። እኔ ግን ስምንት ሰዓት ላይ ሌላ ደንበኛ ይጠብቀኛል። ከከተማው ሌላ ጫፍ ክፍት ጋራዥ እንዳለ ሰማሁና፣ ሄልሜቱን ከነገመዱ የኋላው ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ራሴን ገልጬ፣ «ቀስ ብዬ እሄዳለሁ» እያልኩ ተነሣሁ። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ሄልሜት አንጠልጥለው አይንዱ ይላል። በዚህ ጉዳይ ላይ መጽሐፉ ትክክል ነው።

የመጀመሪያዋ ጉድጓድ ላይ ሄልሜቱ ተንሸራቶ በስተቀኝ ተንጠለጠለ። በስተቀኝ ያለው ማርሚታው፣ የጋለው የጭስ ማውጫ ነው። አልታወቀኝም። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሲመጣ የሰው ቆሻሻ መስሎኝ አፍንጫዬን ያዝኩ። ከዚያ ፉጨት ሰማሁ።

ትራፊክ ፖሊሱ ወጣት ነበር፤ የዝናብ ልብሱ እስከ አገጩ ተቆልፏል።

«ሄልሜትህ የታለ?»

«ይኸው።»

«እሱን አያለሁ። ለምን አታጠልቀውም?»

«ታስሯል።»

«ማን አሰረው?»

«እኔ።»

ዝም ብሎ አየኝ። እንዲህ ባጭሩ መመለሴ ከንዴት እንጂ ከድፍረት አልነበረም፤ እሱ ግን ድፍረት አድርጎ ወሰደው። «ፍታውና አጥልቅ» አለኝ። ቁልፉ መሰበሩን አስረድቼ ግማሹን ቁልፍ መዳፌ ላይ አሳየሁት። ይኼኔ ነገሩ ተበላሸ።

«ንብረቱ የአንተ ከሆነ ቁልፉ እንዴት ተሰበረ?»

እስኪ ለዚህ ምን መልስ ይሰጣል? የራሱ ንብረት የሆነ ሰው ቁልፍ አይሰበርበትም? ሊብሬዬን አሳየሁ፤ መንጃ ፈቃዴንም አሳየሁ። የሄልሜቱን ደረሰኝ ጠየቀኝ። የሄልሜት ደረሰኝ ኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው እናንተ ታውቃላችሁ? ሕፃናት ከበቡን። አንደኛው፣ በቅንነት ይመስለኛል፣ «ጋሼ፣ ጎንበስ ብለው ቢያጠልቁትስ?» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጎልማሳ ነኝ ብዬ አላፈርኩም።

ከአንድ ሰዓት በላይ ዝናብ ላይ ካቆመኝ በኋላ የቅጣት ወረቀት ጻፈ፤ በሁለት ጥፋት። አንደኛው ያለ ሄልሜት ማሽከርከር ነው። ትክክል ነው፤ ራሴን ገልጬ ነበርና አልከራከርም። ሁለተኛውን ሳነብ ግን ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ፤ «ዕቃ በአግባቡ አለማሰር» ይላል። ለዚያ ሁሉ መከራ የዳረገኝ በአግባቡ ማሰሬ መሆኑን ላስረዳው ሞከርኩ። ወረቀቱን ቀዶ ሰጠኝና ሞተሩን እየገፋሁ እንድሄድ አዘዘኝ።

ገፋሁ። ጋራዡ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። አንድ አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ሰጌቶ፣ የብረት መጋዝ፣ ያመጣል ብዬ ስጠብቅ ጓጉንቸሩን ነካ እንኳ አላደረገውም። ዞር ብሎ መያዣውን ብረት አየ፤ ከዚያ እኔን አየ፤ ከዚያ «ወንበሩን ይክፈቱልኝ» አለኝ። ከፈትኩ። ከወንበሩ ሥር ሞተሩ ሲገዛ አብሮት የመጣውን የመፍቻ ከረጢት አወጣ፣ አንዷን መፍቻ መርጦ መያዣውን የያዙትን ቡሎኖች ፈታ፣ ብረቱን ቀና አደረገና ገመዱን እንደ ቀለበት አሾለከው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው። መፍቻዋ ያን ሁሉ ሰዓት የተቀመጥኩባት ነበረች፤ እኔም መካኒክ ነኝ የምል ሰው ነኝ። «ስንት ልክፈል?» ስለው «ለዚህ?» ብሎ ሳቀ።

ሻይ ሻጯን አልሰማሁም፤ ፖሊሱን አናደድኩ፤ ሁሉም ይሁን። እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ነው። ልጁ በሁለት ደቂቃ የፈታውን ማንም ባለ መፍቻ ሊፈታው ይችል ነበር። ለሦስት ሳምንት ሄልሜቴን ጠብቆ ያቆየው ገመዴ ሳይሆን የሰዉ ጨዋነት ነው።

ሄልሜቱ በቀኝ በኩል የመዳፍ ስፋት ያህል ቀልጦ ተጨማዷል። በግትርነት ሁለት ሳምንት አጠለቅኩት። አታድርጉት፤ ከውጭ ቅርፊቱ የቀለጠ ሄልሜት ከውስጥ ፎሙም ደህና አይሆንም። አሁን በሱቄ መደርደሪያ ላይ ብሎን ማጠራቀሚያ ነው።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ገመዱ ያው የእጅ ፍሬን ገመድ ነው፤ ግን ወደ ሰባ ሴንቲ ሜትር አሳጥሬዋለሁ፤ ረጅም ገመድ ሄልሜቱን ወይ መሬት ወይ ማርሚታ ያደርሰዋል። የማሳልፈው በግራ በኩል፣ በቡሎን በማይፈታው የሻንሲው ብረት ውስጥ ነው። የትኛው ብረት እንደሆነ ለማወቅ «ይህን በመፍቻ ማውጣት እችላለሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። በጎማውና በራጁ፣ ማለትም በጎማው ሽቦዎች፣ ውስጥ አላሳልፍም፤ ረስቶ የሚነሣ ሰው ይወድቃል፤ እኔ ደግሞ ረሺ ነኝ። ጓጉንቸሩ ነሐስ ነው፤ ቀዳዳው ወደ መሬት ይዞራል፤ በየሁለት ሳምንቱ የማሽን ዘይት ይጠጣል። አንዱ ቁልፍ ኪሴ፣ አንዱ ቤት ባለቤቴ ጋር ነው። ሄልሜቱ አፉን ወደ ታች ደፍቶ ይቀመጣል፤ ከላዩ ላስቲክ ይለብሳል፤ በክረምት አፉን ወደ ላይ ያደረገ ሄልሜት የዝናብ ገንቦ ነው።

«አጠገቡ ላለ ቡና የምታፈላ ሴት አደራ ስጥ» የሚሉም አሉ። እኔም እሰጣለሁ፤ አደራ ወሎ ውስጥ ቀላል ቃል አይደለም። ግን ቡና የምታፈላዋም ስኒ ታጥባለች፤ ውሃ ልትቀዳ ትሄዳለች። አደራውንም ገመዱንም አንድ ላይ አድርጉ።

አዲሱን ገመድ መጀመሪያ የሞከርኩት ቅጣቱን ልከፍል የሄድኩ ቀን ነው። አዲሱን ሄልሜት አጥልቄ፣ ቀበቶውን አጥብቄ፣ ቀጥ ብዬ ነድቼ ደረስኩ። ሥርዓት ማክበሬን እንዲያዩልኝ ፈልጌ ሄልሜቱን በክንዴ ይዤ ወደ በሩ አመራሁ። ጥበቃው እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ።

«ሄልሜት ይዞ መግባት አይቻልም።»

ተመልሼ አሰርኩት።