ዓይናቸው መብራቱ ላይ ለሚቀር የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ደሴ ውስጥ ቲያትር ወይም የባህል ትርኢት ሲታይ ሰው ሁሉ ዓይኑን ተዋናዩ ላይ ይተክላል። በየአዳራሹ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያ ጣሪያውን የሚያይ አንድ ሁለት ልጅ አይጠፋም። ቀዩ መብራት ከየት መጣ? መጋረጃውን ማን ሳበው? ዝናቡ ሲዘንብ ድምፁ ከየት ነው? «ትልቅ ስትሆን ምን ትሆናለህ?» ሲባል ለመልሱ ስም የሚያጣው ይሄ ልጅ ነው። ሥራው ግን ስም አለው፤ የመድረክ መብራት፣ የድምፅ፣ የመድረክ ግንባታ ባለሙያ ወይም ስቴጅ ማናጀር (ትርኢቱን ከጓዳ ሆኖ የሚመራው ሰው) ይባላል።

እኔ ብጠየቅ፣ መግቢያው በር ኤሌክትሪክ ነው የምለው። ብዙ ወጣት ውድ ኮንሶል (የመብራት ወይም የድምፅ መቆጣጠሪያ ገበታ) እስኪያገኝ ይጠብቃል። የአዳራሹን ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚያቋርጠውን ማብሪያ ማጥፊያ) ሳያውቅ ኮንሶል ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ሁለተኛው ገቢር ላይ ጨለማ ውስጥ መቅረቱ አይቀርም። ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው።

የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ባለ 10 አምፒር ብሬከር 2200 ዋት ይሸከማል ማለት ነው። እዚያ ላይ ባለ 1000 ዋት ፓር የሚባለውን የመድረክ መብራት ሦስት ብትሰኩ 3000 ዋት፣ ማለትም ወደ 13.6 አምፒር ይስባል። ብሬከሩ ወዲያው ይወድቃል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ትታለላላችሁ። ብሬከር ውስጥ ሲግል የሚታጠፍ ቀጭን የብረት ልሳን አለ፤ ትርፉ ትንሽ ሲሆን ልሳኑ ቀስ ብሎ ነው የሚግለው። ስለዚህ አሥር ደቂቃ የቆየ ሙከራ በሰላም ያልፋል፤ ትርኢቱ ተጀምሮ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሲቆይ መብራቱ ድርግም ይላል። «ቅድም ሠርቶ ነበር እኮ!» የሚባለው ያኔ ነው። ሒሳቡን ቀድሞ ወረቀት ላይ መሥራትና ከብሬከሩ አቅም ከ80 በመቶ በላይ አለመጫን ይሻላል፤ ለባለ 10 አምፒሩ 1760 ዋት፣ ለባለ 16ቱ 2800 ዋት ገደማ።

የትምህርት ቤትና የቀበሌ አዳራሽ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ግራና ቀኝ ያሉ ሶኬቶች ሁለት መስመር ይመስላሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን አንድ ብሬከር ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ለማወቅ በየሶኬቱ የስልክ ቻርጀር ወይም ትንሽ አምፖል ሰኩ፤ ከዚያ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያጠፋችሁ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሞት ጻፉ። ቁጥሩን በፕላስተር ሶኬቱ ላይ ለጥፉት። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም፣ ለሚቀጥለውም ዓመት ይሆናል።

ኤክስቴንሽንን በተመለከተ፣ ከጥቅልሉ ሳይፈታ ከባድ መብራት አይሰካበትም። ጥሩዎቹ ጥቅልሎች ላይ ሁለት የዋት ቁጥር ተጽፎ ታያላችሁ፤ ትንሹ ለተጠቀለለው፣ ትልቁ ለተፈታው ነው። የተጠቀለለ ሽቦ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ፕላስቲኩ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ከዚያም ይቀጣጠላል። ስፒና ላይ ያለውን የኧርዝ (የመሬት) መስመር ደግሞ ማንም ይለምናችሁ ማን እንዳትቆርጡት። ስፒከሩ «እምም» ሲል ኧርዝ መቁረጥ የተለመደ መፍትሔ ሆኗል፤ ጩኸቱ በርግጥ ይጠፋል፣ ሰውም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ሚክሰሩንና አምፕሊፋየሩን አንድ ሶኬት ላይ መሰካት፣ ሕንፃው ሦስት ፌዝ ካለው ደግሞ ድምፁን ከመብራት ዲመሩ (ብርሃን መቀነሻው) በተለየ ፌዝ ላይ ማድረግ ነው።

ጄኔሬተር ላይ የደሴ ሰው ማወቅ ያለበት የራሱ ነገር አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 አካባቢ። ተርቦቻርጀር (አየር የሚገፋለት መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ አካባቢ ያጣል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ስለዚህ 5 ኪሎዋት ተብሎ የተከራየ ጄኔሬተር ደሴ ላይ ሩብ ያህሉን፣ ኮምቦልቻ ላይ አንድ አምስተኛውን ያህል አጥቶ ነው የሚሠራው። ለደሴ 3.7 ኪሎዋት ብላችሁ አስሉ። ጭነት ሲበዛበት ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ቮልቴጁም አብሮ ይወርዳል፣ ሃሎጂን (ሽቦው ግሎ የሚያበራው) መብራት ወደ ቀይ ይሄዳል። ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲቀንስ የሃሎጂን ብርሃን በ30 በመቶ ገደማ ነው የሚቀንሰው። ጭነቱ በድንገት ሲነሳ ደግሞ ቮልቴጁ ይዘላል፤ አምፖል የሚቃጠለው በዚያን ጊዜ ነው። ሚክሰሩንና የመብራት ኮንሶሉን በዩፒኤስ (ባትሪ ባለው የኃይል መጠባበቂያ) ማስኬድ ከዚህ ሁሉ ይገላግላል።

አሁን ወደ መብራቱ። ስፋቱ 8 ሜትር፣ ጥልቀቱ 5 ሜትር የሆነ መድረክ ለስድስት ይከፈላል፤ ሦስት ከፊት፣ ሦስት ከኋላ። ለእያንዳንዱ ክፍል ከፊት ግራና ቀኝ በ45 ዲግሪ ሁለት መብራት፣ አንዱ ሞቅ ያለ ቀለም፣ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ። አሜሪካዊው ስታንሊ ማካንድለስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያስፋፋው ዘዴ ነው፤ ዛሬም ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። በድምሩ 12 መብራት። ባለ 150 ዋት ኤልኢዲ ፓር ከሆነ 1800 ዋት ነው፣ አንድ ባለ 16 አምፒር መስመር በደንብ ይችለዋል። በሃሎጂን ዘመን 12 ኪሎዋት የሚጠይቅ ነገር ነበር።

ችግሩ ቁመት ነው። የአዳራሾቻችን ትሪፖድ ከ3 ሜትር አይዘልም፤ 3 ሜትር ርቀት ላይ ሲቆም ፊት ላይ የሚያርፈው በ25 ዲግሪ ገደማ ነው። ጥላው ረዝሞ ከኋላ መጋረጃ ላይ ይሄዳል፤ ባል ሚስቱን ሲያናግር አራት ሰው ያለ ይመስላል። መብራቱን ጣሪያ ላይ ልስቀል እንዳትሉ፤ የቆርቆሮ ጣሪያ የተሸከመ የባሕር ዛፍ አጣና መብራት ለመሸከም አልተሠራም። እንደ አይጠየፍ ያለ ቅርስ አዳራሽ ከሆነማ ሚስማር መምታት ጭራሽ አይታሰብም። ከአዘጋጁ ጋር ተነጋግሮ ተዋንያኑን ከኋላ መጋረጃው ሁለት ሜትር ያህል ማራቅ ግን ምንም አያስወጣም፤ ጥላው ዝቅ ብሎ ይወድቃል፣ ተመልካች ያን ያህል አያስተውለውም። የትሪፖዱ እግር ላይ በማዳበሪያ ከረጢት 10 ኪሎ አሸዋ ጫኑበት፤ እያንዳንዱ መብራት ከመያዣው ሌላ የራሱ የደህንነት ሰንሰለት ይኑረው።

የወሎ ትርኢት ላይ በተለይ የሚያስቸግረው ነጩ የአገር ልብስ ነው። ነጠላና ጋቢ ብርሃኑን ከሞላ ጎደል መልሶ ይረጨዋል፤ ጠይም ፊት ግን ከፊሉን ብቻ ይመልሳል። ውጤቱ፣ ከሩቅ ሲታይ የሚንቀሳቀስ ጋቢ አለ፣ ሰውየው የለም። ብዙ ጀማሪ ያኔ የፊት መብራቱን ይጨምራል፤ ጋቢው ይብሳል እንጂ ፊቱ አይወጣም። የፊቱን ወደ 60 በመቶ አውርዱትና ከጎን፣ በትከሻ ቁመት፣ አምበር (ብርቱካናማ ቢጫ) ያለበት መብራት ጨምሩ፤ ጉንጭና ግንባር ላይ ብርሃን ይይዛል። ልብሱ የቡድኑ ከሆነ ደግሞ በቀጭን የሻይ ውሃ ነክሮ ማድረቅ ይረዳል። ከታዳሚው ወንበር ሲታይ ነጭ እንደሆነ ይቀራል፣ መብራት ሲያርፍበት ግን አያንጸባርቅም። ከሰው የተዋሱትን ነጠላ ግን እንዳትነክሩ!

ኤልኢዲዎቹን የሚያገናኘው መስመር ዲኤምኤክስ ይባላል። በአንድ መስመር 512 ቻናል (የትእዛዝ መንገድ) አለ። ባለ 7 ቻናል መብራት ከሆነ የመጀመሪያው አድራሻ (የሚጀምርበት ቻናል ቁጥር) 1፣ ሁለተኛው 8፣ ሦስተኛው 15 እያለ 12ኛው 78 ላይ ያርፋል። ሁለት መብራት አንድ አድራሻ ከያዙ አብረው ነው የሚታዘዙት፤ ይህ ስህተት ሆኖ ሲገኝ ሰው ኮንሶሉን ይወቅሳል። የመጨረሻው መብራት ያለምክንያት ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ገመዱ የማይክ ገመድ ነው? ሶኬቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይገባል፣ ለአጭር ርቀትም ይሠራል፤ ሲረዝም ግን ምልክቱ ይበላሻል። ሁለተኛ፣ የመስመሩ መጨረሻ ተዘግቷል? ምልክቱ ጫፍ ደርሶ እንዳይመለስ በኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግር የማይክ) ሶኬት ውስጥ 2ኛውንና 3ኛውን እግር በ120 ኦም ሬዚስተር በይዳችሁ ዝጉ። ከተበላሸ ሬዲዮ ላይ እንኳ ሊፈታ የሚችል ዕቃ ነው።

ግንባታው ላይ ብዙ አልቆይም። ቤት የሚመስለው ግድግዳ ከሞራሌ የተሠራ 1.2 በ2.4 ሜትር ክፈፍ ነው፤ ላዩ አቡጀዲ። አቡጀዲውን ወጥራችሁ አትምቱት፣ ላላ አድርጋችሁ በኮላ ለጥፉትና አንድ እጅ ኮላ በአራት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ቀቡት፤ ሲደርቅ ራሱ ይወጠራል። ቀድሞ የተወጠረ ከሆነ ሲደርቅ ክፈፉን ያጣምመዋል፣ ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም። በክረምት የደሴ ጉም ውስጥ በአንድ ሌሊት ይደርቃል ብላችሁ ቀለም መቀባት እንዳትጀምሩ። ሃሎጂን መብራት ካለ ደግሞ ከጨርቅ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ።

ልቤ ያለው ግን የስቴጅ ማናጀር መጽሐፍ ላይ ነው። ከሁሉ ርካሹ መሣሪያ እሱ ነው፤ አንድ ወፍራም ደብተርና እርሳስ። በግራ ገጽ ተውኔቱ ይለጠፋል፣ በቀኝ ገጽ ኪው የሚባሉት ምልክቶች ይጻፋሉ። ቁጥራቸውን በአሥር አራርቁ፤ 10፣ 20፣ 30። አዘጋጁ የመጨረሻው ልምምድ ላይ አንድ መብራት ሲጨምር 25 ብላችሁ ታስገባላችሁ እንጂ ሁሉንም አትሰርዙም። በእርሳስ ይጻፍ። አጠራሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፦ «መብራት 30 ተዘጋጅ»፣ ከዚያ ጊዜው ሲደርስ «መብራት 30… ሂድ»። አማርኛችን ግሱን መጨረሻ ላይ ማምጣቱ እዚህ ይጠቅመናል፤ እጅ የሚንቀሳቀሰው የመጨረሻዋን ቃል ሲሰማ ብቻ ነው። ስለዚህ «ሂድ» የሚለው ቃል ለሌላ ነገር በጭራሽ አይነሳ፤ «ሻይ ልጠጣ ልሂድ?» ያለ ልጅ መጋረጃ ሊያስዘጋ ይችላል።

አንድ ወጥመድ አለ። ተዋንያን የዓረፍተ ነገር መጨረሻ ይቀያይራሉ፤ «መጣ» የተጻፈውን «መጥቷል እኮ» ይሉታል፣ ታዳሚ ከሳቀ ደግሞ ጨርሰው ይዘሉታል። ምልክቱን ግስ ላይ የሰቀለ ሰው ሲጠብቅ ያመልጠዋል። የምትችሉትን ያህል ድርጊት ላይ ስቀሉት፦ ጀበናው ረከቦቱ ላይ ሲቀመጥ፣ በሩ ሲገፋ፣ ዱላው ሲነሳ።

ስለ ድምፅ አጭሩ፦ ማይክ ከስፒከር ፊት አይቁም፣ ሁልጊዜ ከጀርባው ይሁን፤ ለንግግር ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፤ መሰንቆ ከሆነ ማይኩን ከቆዳው 20 እስከ 30 ሳንቲሜትር አርቃችሁ አስቀምጡ፣ ሲጠጋ የደጋኑ ፍትጊያ ዜማውን ይሸፍነዋል።

የት ይጀመራል? በአሥራዎቹ ዕድሜ ላለ ልጅ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አለ፤ አምፕሊፋየርና ማይክ በእጅ የሚነካበት የመጀመሪያው ክፍል እሱ ነው። ከዚያ በኋላ በእኔ አስተያየት እንደ ወይዘሮ ስህን ባለ ፖሊ ቴክኒክ ገብቶ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሮ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) መፈተን ከሁሉ የሚያዋጣ ነው፤ ቲያትር ባይኖር እንኳ እንጀራ ነው። ምህንድስና የሚፈልግ ደግሞ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ኮምቦልቻ አለለት። የድራማውን ጥበብ ጠለቅ ብሎ ለሚፈልግ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ክፍል ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ሀገር ፍቅር ከ1927፣ ብሔራዊ ቲያትር ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ የቆሙ ቤቶች ናቸው፤ በእነዚያ መድረኮች ጓዳ ውስጥ ለመግባት የሚጠየቀው ግን ወረቀት ብቻ አይደለም። የኪነት ቡድን ዕቃ ሲያወርድ ሄዶ ማገዝ፣ ገመድ መጠቅለል፣ ሲጠሩ መገኘት ስም ያወጣል።

ዕቃ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ የሐረጎ ጠመዝማዛ ብሎን ያላላል፤ ከመስቀላችሁ በፊት ሁሉንም አጥብቁ። ጠዋት ከደሴ ብርድ የወጣን ሚክሰር ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ወዲያው አታብሩት፤ ጤዛ ይይዛል። ሳጥኑ እንደተዘጋ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ትርኢቱ ሲያልቅ ሃሎጂኑ ሳይቀዘቅዝ አይነካ፣ ትኩስ ሽቦ በትንሽ ንቅናቄ ይበጠሳል። ድምፅ ሲዘጋ አምፕሊፋየር መጀመሪያ፣ ሚክሰር መጨረሻ፤ ሲከፈት ተቃራኒው። ገመዱን ክርን ላይ ሳትጠቀልሉ በእጅ ክብ ክብ አድርጋችሁ ሰብስቡት፣ ከዚያ የደህንነት ሰንሰለቶቹን ቁጠሩ። 12 ወጥተው ከሆነ 12 ይመለሱ።