ሁለቱ ቢጫ ክኒኖች

ደሴ፣ አንድ መድኃኒት ቤት። ከኮምቦልቻ የመጡ እናት ሁለት የመድኃኒት ፖስታ መስኮቱ ላይ አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ አፌ ቆስሎ በርበሬ ይቅርና አጥሚት እንኳ አላስውጥ አለኝ፤ የሚቀባ ነገር ስጠኝ» አሉ።

ፋርማሲስቱ ቅባቱን ከማውረዱ በፊት ፖስታዎቹን ከፈተ። ሁለቱም ውስጥ ትንንሽ ቢጫ ክኒን አለ። እኚህ እናት የሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ማለትም የመገጣጠሚያ ብግነት፣ ታካሚ ናቸው። የታዘዘላቸው ሜቶትሬክሴት 2.5 ሚሊግራም፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰኞ፣ 4 ፍሬ ነው። ፎሊክ አሲድ 5 ሚሊግራም ደግሞ ከሰኞ በቀር በየቀኑ 1 ፍሬ።

«እማማ፣ በየቀኑ የሚውጡት የቱን ነው?»

«ይኼን ነዋ፤ ሁለተኛ ሳምንቴ።»

የጠቆሙት ሜቶትሬክሴቱን ነበር። ከዚሁ መስኮት ሲሰጥ ክኒኖቹ ከማሸጊያቸው ወጥተው ተቆጥረዋል፤ የፖስታዎቹ ጽሑፍም ተለዋውጧል።

ሜቶትሬክሴት ሴሎች ለመባዛት የሚያስፈልጋቸውን ፎሌት የተባለ ቫይታሚን እንዳይጠቀሙ ያግዳል፤ ፎሊክ አሲድም የዚሁ ቫይታሚን ክኒን ነው። በሳምንት አንዴ ሲወሰድ ሰውነት በመሀል ፋታ ያገኛል። በየቀኑ ሲሆን ግን፣ መጠኑ ትንሽ ቢመስልም፣ ቶሎ ቶሎ የሚባዙት የአፍና የአንጀት ሽፋን ሴሎች፣ የአጥንት መቅኒም፣ ይጎዳሉ። መድኃኒቱ የሚወገደው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ይብሳል። ስለዚህ ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ሰው አፉ ሲቆስል በቅባት ሸኝቶ መመለስ አደገኛ ነው።

የሥራ ባልደረባው «ፎሊክ አሲዱን በዛ አድርገን እንስጣቸዋ» አለች። ከቅንነት ነው፤ ግን ውድ ጊዜ ያባክናል። ፎሊክ አሲድን ወደሚሠራበት መልክ የሚቀይረውን ኢንዛይም ሜቶትሬክሴት ራሱ ይዞታል። ለእንዲህ ያለው መመረዝ የሚሰጠው ፎሊኒክ አሲድ፣ ማለትም ሉኮቮሪን ነው፤ እሱ ያ ኢንዛይም አያስፈልገውም። ስማቸው መቀራረቡ ስንቱን ያሳስታል!

ሜቶትሬክሴቱ እዚያው ተያዘ፤ ለሐኪማቸው ተደወለ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ገቡ። የደም ምርመራው ነጭ የደም ሴልና ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት መቀነሱን አሳየ። የኩላሊትና የጉበት ምርመራ ተጨምሮ ሉኮቮሪን ተጀመረላቸው፤ ቀስ በቀስም አገገሙ።

ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ሜቶትሬክሴት ከማሸጊያው አይወጣም። ከ4 ሳምንት፣ በሳምንት 10 ሚሊግራም ለሚወስድ ሰው ከ16 ፍሬ፣ በላይ አይሰጥም። ካርቶኑ ላይ በፊደል «ሰኞ ብቻ» ይጻፋል፤ ሰኞ የደሴ ገበያ ቀን ነውና አይረሳም። ታካሚው አወሳሰዱን በራሱ አፍ መልሶ ሳይናገር ፎሊክ አሲዱ አይወጣለትም። ኮትሪሞክሳዞል የተባለው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ሲመጣም «ሜቶትሬክሴት ይወስዳሉ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ እሱም ፎሌትን ስለሚያግድ ሁለቱ አንድ ላይ አይሰጡም።