«ፈንዱ ይምጣ እንጂ አስር ፐርሰንቱ የእርስዎ ነው»

ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ለገጣፎ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ለለጋሾች የሚላክ ፕሮፖዛል የሚያዘጋጅለት የሀብት አሰባሰብ አማካሪ ሲያነጋግር ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ፈንዱ ካልመጣ የሚከፈል ስለሌለ ለድርጅቱ ነፃ ይመስላል፤ አማካሪውንም ያጓጓል። እዚህ ሙያ ላይ መክረም የሚፈልግ ሰው ግን ሻዩ ሳይቀዘቅዝ እምቢ ማለት አለበት።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ፈንዱ 3 ሚሊዮን ብር ቢሆን የአማካሪው ድርሻ 300,000 ይሆናል። ከየትኛው የበጀት መደብ ይወጣል? ለጋሾች በአብዛኛው ውል ከመፈረሙ በፊት የወጣ ወጪ አይቀበሉም። የአውሮፓ ኅብረት ለተዘዋዋሪ ወጪ (እንደ ቢሮ ኪራይ ላለ፣ ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር በቀጥታ ላልተያያዘ) የሚፈቅደው ከቀጥተኛው ወጪ 7 በመቶ ድረስ ነው፤ ሦስቱም ሚሊዮን ቀጥተኛ ወጪ ነው ብንል እንኳ 210,000፣ አይበቃም። በእኛ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ገቢው ይኸው ፈንድ ብቻ ከሆነ 600,000 ማለት ነው። የቢሮ ኪራይ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ የኦዲት ክፍያ፣ መብራት፣ ውሃና ኢንተርኔት የሚሸፈኑት ከዚሁ ነው። ግማሹን አማካሪው ይዞ ከሄደ ሂሳብ ሹሟ በምን ትከፈላለች?

መውጫ ሲጠፋ ክፍያው «ሥልጠና» ተብሎ ይወራረዳል። ኦዲተሩ የተሳታፊዎችን ፊርማ ሲጠይቅ ጉዱ ይወጣል፤ ገንዘቡን ለለጋሹ የሚመልሰው ድርጅቱ እንጂ አማካሪው አይደለም። በአሜሪካ በ1960 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የገንዘብ አሰባሳቢዎች የሙያ ማኅበርም በሥነ ምግባር ደንቡ የፐርሰንት ክፍያን ይከለክላል።

የሚሻለው በቀን መዋዋል ነው። መካከለኛ ፕሮፖዛል ከ12 እስከ 18 የሥራ ቀን ይፈልጋል። ጽሑፉ ራሱ ከአምስት ቀን አያልፍም፤ ሌላው ሰነድ ማሳደድና በጀት ማስታረቅ ነው። ክፍያው 30 በመቶ ሲፈረም፣ 40 ረቂቁ ሲገባ፣ 30 ፕሮፖዛሉ ሲላክ። «ሲላክ» እንጂ «ሲያሸንፍ» እንዳይባል። አቅም ያነሰው ድርጅት ከሙሉው ፕሮፖዛል በፊት ለሚላከው አጭር መነሻ ሐሳብ፣ ለኮንሰፕት ኖቱ ብቻ የአራት ቀን ውል ይፈርም፤ ካለፈ ስለ ቀሪው ይነጋገራሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ለሰነድ ናቸው፦ የምዝገባ ሰርተፍኬት፣ ቲን፣ የኦዲት ሪፖርት፣ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የገባው ዓመታዊ ሪፖርት፣ የቦርድ ቃለ ጉባኤ። የድርጅቱን የእንግሊዝኛ ስም ፊደል በፊደል ማመሳከር ነው። ሰርተፍኬቱ ላይ በአንድ «ኤስ»፣ የባንክ ደብዳቤው ላይ በሁለት «ኤስ» የተጻፈ ስም አሸንፎም ክፍያ ሊያስይዝ ይችላል። ይህን ማንም እንደ ሥራ አይቆጥረውም።

ከከተማው ዳር ያለ ድርጅት የራሱ ጣጣ አለው። ቢሮው አየር ጤና፣ ሥራው ሰበታ ከሆነ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ የድጋፍ ደብዳቤ አይረዳውም፤ ሰበታ በሸገር ከተማ ሥር፣ በኦሮሚያ ነው። የፕሮጀክት ስምምነቱ ከክልሉ ቢሮዎች ጋር ይፈረማል፣ የሥራ ቋንቋውም አፋን ኦሮሞ ነው። እንግሊዝኛውን አምሮ የጨረሰ አማካሪ የትርጉሙን ሦስት ቀን ካላሰበ ዕቅዱ እዚያው ይቆማል።

በጀቱ ሥር የተሠራበት ምንዛሪና ቀኑ ይጻፍ። ምንዛሪው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ100 አልፏል። ይህች አንድ መስመር የሌለችው በጀት ላይ ለጋሹ «ከምንዛሪው የተገኘው ትርፍ የት ገባ?» ሲል መልስ የለም።

ስለ ሰዓትም። የመዝጊያ ሰዓቱ «12:00፣ በብራስልስ» ከሆነ የእነሱ እኩለ ቀን ነው፤ እኛ ጋ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት። የምሽቱ 12 ሰዓት መስሎት ተረጋግቶ የሚያርም ዳይሬክተር ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ዘግይቷል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ፋይሉ ከአንድ ቀን በፊት ይጫን፣ የመቀበያ ማረጋገጫው ስክሪንሾት ተወስዶ ከውሉ ጋር ይቀመጥ። የመጨረሻው 30 በመቶ የሚጠየቀው በእሱ ነው።