ተዘቅዝቆ የተሰቀለው ሰውዬ

ታሮት ከሚባሉት፣ ዛሬ ዕድል ከሚነበብባቸው ባለ ሥዕል ካርዶች ውስጥ ሰው ሲያየው ክው ከሚልባቸው አንዱ 12ኛው ነው። አንድ ሰውዬ በአንድ እግሩ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። ካርድ አንባቢዎች ቶሎ ብለው ያረጋጓችኋል፦ «አይዟችሁ፣ ትንሽ ታገሡ ማለት ነው።» አልቃወምም። ግን ይሄ ትርጉም በጣም ዘግይቶ የመጣ ነው፤ እኔን የሚስበኝ የድሮው ነው።

ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ሲጀመር መጫወቻ ካርታ እንጂ የጥንቆላ ዕቃ አልነበረም። ይሄኛውን ካርድ «ከሃዲው» ይሉት ነበር። ያኔ በፍሎረንስና በሌሎች ከተሞች አገር የከዳ ወይም ዕዳውን ሳይከፍል የጠፋ ሰው በእጅ ካልገባ፣ ሹማምንቱ ሠዓሊ ቀጥረው መልኩን አደባባይ ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ ተዘቅዝቆ ያስሉታል። እሱ የትም ይሂድ፣ ስሙ እዚያ ተሰቅሎ ይውላል። ከድሮዎቹ ካርዶች በአንዱ ላይማ ሰውዬው በሁለት እጁ የገንዘብ ከረጢት ይዟል። ይሁዳ ትዝ አላላችሁም?

እ.ኤ.አ. በ1781 ኩር ደ ዤብላን የሚባል ፈረንሳዊ ደግሞ ካርዱ በስህተት ተገልብጦ የታተመ ነው ብሎ አረፈው። ለሱ ሰውዬው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ የሚያስብ ጠንቃቃ ሰው ነው! (ድፍረቱን ወድጄለታለሁ።)

ዛሬ ብዙዎቻችን የምናውቀው ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ የወጣው ነው። ሐሳቡ የአርተር ዌይት፣ ሥዕሉ የፓሜላ ኮልማን ስሚዝ። እዚህ ላይ የተሰቀለበት እንጨት ቅጠል አለው፣ ፊቱ ሥቃይ አይታይበትም፣ በጭንቅላቱ ዙሪያ ብርሃን አለ። ትዕግሥቱ፣ መሥዋዕትነቱ፣ «ነገሩን በሌላ ዐይን እዩት» የሚለው ምክር ከዚህ ሥዕል ጋር በደንብ ይሄዳል።

እኔ ግን የድሮውን ከሃዲና ይሄን ታጋሽ ሰውዬ አንድ ላይ ነው የማነባቸው። ከሥራ ለተባረረ፣ ትዳሩ ፈርሶ ሰፈሩ ሁሉ ለሚያወራበት፣ ዕዳ ገብቶ ስልክ ማንሳት ለፈራ ሰው ይሄ ካርድ ሲወጣለት «ታገሥ» ብሎ ማለፍ ስንፍና ይመስለኛል። ሰውዬው እኮ ዝም ብሎ አልተንጠለጠለም፣ ሰው እንዲያየው ነው የተሰቀለው። ስለዚህ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ማን ነው የሰቀለህ? አንተስ ፍርዱን ተቀብለኸዋል? ጥፋቱ የእውነት ያንተ ከሆነ የሚከፈለው ይከፈል፤ ካልሆነ ግን ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ነው፣ አንተ አይደለህም።

ካርዱ ተገልብጦ ሲወጣ ብዙዎች «ነገርህ ተቋጥሯል» ይላሉ። እስቲ ገልብጣችሁ እዩት። ሰውዬው ቀጥ ብሎ በአንድ እግሩ የሚጨፍር ነው የሚመስለው፤ እኔም እንደዚያው ነው የማነብለት።