ተርዛን 5ን ከአቃቂ ማዶ ፎቶ ለማንሣት የሄድኩበት መንገድ

ተርዛን 5 በቀውስ (ሳጂታሪየስ) ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ፣ በፍኖተ ሐሊብ እምብርት አጠገብ ያለ ሉላዊ የከዋክብት ክምችት ነው። አጎፕ ተርዛን በ1968 እ.ኤ.አ. ያገኘው ይህ ክምችት 20,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ በሰከንድ 716 ጊዜ የሚሽከረከር ፑልሳርም (የሞተ ኮከብ እጅግ የጠጠረ ቅሪት) በውስጡ አለ። በመካከል ያለው አቧራ ለዓይን የሚታየውን ብርሃኑን አብዛኛውን ውጦ ያስቀረዋል፤ ከቀይ ባሻገር ያለውን፣ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ግን ያን ያህል አይከለክለውም።

ቴሌስኮፕ መግዛትና በካሜራው ውስጥ ኢንፍራሬድን የሚያግደውን መስታወት በባለሙያ ማስነሣት ገንዘብና ትዕግሥት ይጠይቃሉ እንጂ አያስመርሩም።

ያስመረረኝ የሞገድ ርዝመቱ ከ850 ናኖሜትር በላይ የሆነውን ብርሃን፣ ማለትም ኢንፍራሬድን ብቻ የምታሳልፍ አንዲት ትንሽ ማጣሪያ ከዕቃ መረከቢያው ማስለቀቅ ነበር። ደረሰኙ ላይ «ኢንፍራሬድ» የሚለውን ቃል ያዩት ሠራተኛ የሌሊት ማያ መሣሪያ ነው ብለው ያዙብኝ። ክቧን መስታወት መሐሏን በአውራ ጣታቸው ተጭነው ወደ አምፖሉ አቀኑና፣ ምንም አልታይ ሲላቸው፣ «ብርሃን የማያሳልፍ መስታወት ምን ይሠራልዎታል?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ መልሱን ለመስማት አለመፈለጋቸው ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው በደብዳቤ ስመላለስ፣ ክምችቱ ከንጋት በፊት የሚታይባቸው የበጋው መጨረሻ ሌሊቶች አለፉና ክረምት ገባ። የገላገለኝ የቴሌቪዥን ሪሞት ነው። ማጣሪያዋን በስልኬ ካሜራ ፊት ይዤ የሪሞቱን ቁልፍ ስጫን፣ ዓይን የማያየው መብራት በጥቁሩ መስታወት አልፎ ስክሪኑ ላይ ቦግ አለ። የመረከቢያው ኃላፊ ደግመው አስጫኑኝና ፈረሙ። ደረሰኝና መታወቂያ ይበቃል የሚለውን መመሪያ አትመኑ፤ ዕቃው ምን እንደሚሠራ በአማርኛ ጽፋችሁ፣ ሪሞታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።

«ከፍታ ቦታ ውጡ» የሚለው ምክርም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ተርዛን 5 ከአዲስ አበባ ሲታይ ከፍ የሚለው በደቡብ በኩል፣ እስከ 56 ዲግሪ ያህል ነው፤ ከእንጦጦ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ደግሞ የከተማው መብራት ሁሉ ከፊቱ ይዘረጋል። ስለዚህ ከአቃቂ አልፌ፣ መብራቱን ከኋላዬ አድርጌ ቴሌስኮፔን ተከልኩ። ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ሲጠራ፣ ገና ከምሽቱ ጀምሮ ሠራሁ። የቴሌስኮፑ መቆሚያ የሰማዩን መዞር እንዲከተል የሚስተካከለው በሰሜን ኮከብ ነው፤ እዚህ አካባቢ ከአድማስ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ የሚለው ይህ ኮከብ በከተማው ወገግታ ስለተዋጠብኝ፣ መቆሚያውን በትክክል ማስተካከል አልተቻለም፤ በዚህም ምክንያት አጫጭር ምስሎችን በብዛት አንሥቼ ደራረብኳቸው። ያለ ማጣሪያ ከበስተኋላው የማይለይ ጭጋግ የነበረው ነገር፣ በማጣሪያዋ ሲነሣ መሐሉ የጠጠረ፣ ዙሪያው እየሳሳ የሚሄድ ክብ ሆኖ ወጣ። በዚህ ምስል እጅግ እኮራለሁ።