ያቺ የተረሳች «አውት»

መብራት የሄደው ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ነው። የምሠራው ከአቃቂ ወጣ ብሎ፣ በድሮው የደብረ ዘይት መንገድ ዳር ካሉት ልብስ ስፌት ፋብሪካዎች በአንዱ ነው። እኛ ጋ መብራት ሄደ ማለት ጄኔሬተር ተነሳ ማለት ስለሆነ ማንም አይደነግጥም። ስፌት ላይ ያሉት ልጆች ቀና ብለው እንኳ አያዩም።

የዚያን ቀን ግን የናፍጣውን ጌጅ ሳይ መርፌው ቀዩን ነክቷል። ናፍጣ የሚያስቀዳው አለቃችን ነው፤ ከውጭ የመጣ ሰው ስለሆነ የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፣ እሱም በቴሌግራም። እየተጣደፍኩ «ዘ ጄኔሬተር ኢዝ ስታርቲንግ ቱ ራን» ብዬ ላክሁለት። ናፍጣ እየጨረሰ ነው ማለቴ ነው። ወዲያው አውራ ጣት መለሰልኝ። ተረጋግቼ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ጄኔሬተሩ ሁለቴ ትን አለውና ጸጥ አለ።

ናፍጣ አልቆበት የቆመ ሞተር ደግሞ ናፍጣ ስለሞሉለት ብቻ አይነሳም፤ መስመሩ አየር ይስባል። ጀሪካኑ በስንት ልመና ከመጣ በኋላ መካኒኩ የፊልትሮውን ቡሎን ላላ አድርጎ በእጅ ፓምፑ ይገፋል፣ አረፋ የቀላቀለ ናፍጣ ይወጣል፣ ደግሞ ይገፋል፣ አረፋው ጠፍቶ ጥርት ያለ ናፍጣ እስኪመጣ ድረስ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ካውያው ቀዝቅዟል፣ ልጆቹ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ አለቃዬ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኗል። «መሥራት ጀመረ ብለህ የጻፍከው አንተ አይደለህም?» ነው የሚለኝ። እውነቱን ነው። እንደዚያ ነው የጻፍኩት።

ስቶር ኪፐራችን ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። መልእክቱን አሳየኋቸውና ሳቁብኝ።

«ና እስቲ አንተ ልጅ። ‹ቁጭ ማለት ጀመረ› ስትል ‹ቁጭ›ን ትጥላታለህ?»

«አልጥልም ጋሼ።»

«ብትጥላትስ?»

«‹ማለት ጀመረ›...»

«አየህ፣ ሰውየው መቀመጡ ቀርቶ ወሬ ጀመረ!»

ስንት ዓመት ትምህርት ቤት ተቀምጬ እንዲህ የገባኝ የለም። «ራን» ብቻዋን መሮጥ፣ መሥራት፣ መፍሰስ ናት። «አውት» ስትከተላት ማለቅ ትሆናለች። ለናፍጣው «ዲዝል ኢዝ ራኒንግ አውት» ይባላል፤ ለጄኔሬተሩ ግን «ራን አውት ኦፍ ዲዝል» ነው። እኔ «ስታርት»ን ካስቀደምኩ በኋላ ጭንቀቴ «ቱ» ይግባ ወይስ «ኢንግ» የሚለው ብቻ ነበር። ለካ እዚያ ላይ ብዙ ችግር የለም። «ስታርትድ ቱ ራን አውት»ም ያስኬዳል፣ «ስታርትድ ራኒንግ አውት»ም ያስኬዳል፣ «ቢጊን»ም እንደዚያው። «ስታርቲንግ» ካልክ ግን በ«ቱ» ብትቀጥል ይሻላል፣ ሁለት «ኢንግ» ሲከታተል ለጆሮ አይጥምም።

በማግስቱ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ስለ ቦይለሩ፣ ማጥፋት ጀመርን ለማለት፣ «ዊ ስታርትድ ሸቲንግ ዳውን ኢት» ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ስሙን ከጠራህ ከ«ዳውን» በፊትም በኋላም ይገባል፣ «ኢት» ስትሆን ግን ቦታዋ መሃል ብቻ ነው፤ «ሸቲንግ ኢት ዳውን»።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከአለቃዬ መልእክት መጣ፦ «ዘ ዋተር ኢዝ ስታርቲንግ ቱ ራን።» ይኸው፣ እሱም «አውት»ን ረሳት! ውሃ ሊያልቅ ነው ብዬ የውሃ ቦቴ ላለው ሰውዬ ደወልኩ፣ ዋጋም ተስማማን። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞር ስል ሮቶው ጉርጉር ይላል። የፈረቃችን ቀን ኖሯል፣ ውሃ መጥቶ እየወረደ ነው።

ቦቴው ግን መንገድ ላይ ነበር።