አባባን እኔ የማውቀው
የአባባ አርባ ወጣ። እንግዳው ተሸኘ፣ ድንኳኑም ፈረሰ። እስከ ዛሬ ለመጻፍ አቅም አልነበረኝም።

በቀብሩ ዕለት የመንዝ ሰው አቅራርቶለታል፣ ፎክሮለታል። «የካራማራው አንበሳ» ተብሏል። ይገባዋል። በ1969 የእናት አገር ጥሪ ሲመጣ አባባ ገና ጎረምሳ ነበር። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥኖ ወደ ምሥራቅ ዘመተ። የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ድል ሲሆን እሱም እዚያው ነበር። ከዚያም መደበኛው ጦር ውስጥ ቀርቶ እስከ 1983 አገለገለ።

እኔ ግን ልጁ ነኝ፤ ካራማራን አላየሁም። በዓይኔ ያየሁትን አባባን ደግሞ በቀብሩ ላይ ማንም አላነሳውም።

ጦሩ ሲበተን እንደ ብዙዎቹ ጓዶቹ ባዶ እጁን አገሩ ገባ። ያ ሁሉ ዓመት ጡረታ እንኳ አላስገኘለትም። ይሄ ዛሬም ያንገበግበኛል። እሱ ሲያማርር ግን ሰምቼው አላውቅም። በሬ አቀናጅቶ የአያቴን መሬት ማረስ ጀመረ። ገብስ፣ ባቄላ፣ ጥቂት በጎች። አገራችን፣ የመንዟ መሃል ሜዳ ከተማ አካባቢ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጩ አጥንት ይሰብራል። ሌሊት ተነስቶ እግራችንን እየዳበሰ ባናውን ያለብሰን ነበር። የተኛሁ እየመሰልኩ እጁን እጠብቅ ነበር።

እማዬ ታናሽ ወንድሜን ወልዳ አራስ ቤት ሳለች ክፉኛ ታመመች። ቅርብ የሚደርስ ሴት ዘመድ አልነበረም። ያኔ በእኛ አገር ወንድ ጓዳ ገብቶ ምጣድ ላይ ተቀመጠ ከተባለ የመንደር መሳቂያ ነው። አባባ እጅጌውን ሰብስቦ ገባ። ኩበቱን አቀጣጠለ፣ ምጣዱን በጎመን ዘር አሰሰ፣ ሊጡን ከዳር ጀምሮ እያዞረ አፈሰሰ። የመጀመሪያው እንጀራ ተቀደደ። ሁለተኛው ዓይን አወጣ። ጎረቤታችን በበሩ ብቅ ብሎ «ምነው አያ፣ አንተን የሚያህል ወታደር!» አለው። አባባ ዞሮም አላየው። «ጦር ሜዳ ሚስት ይዘን አልሄድንም» ብሎ ቀጣዩን አፈሰሰ። እማዬ እስክትድን ድረስ ጓዳው የእሱ ነበር። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ፉከራ የለም።

ማንበብና መጻፍ የተማረው እዚያው ጦር ውስጥ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1971 በአገሪቱ ሲጀመር እሱም ፊደል ቆጠረ። ከዚያ በፊት ለእጮኛው፣ ማለትም ለእማዬ፣ ደብዳቤ የሚጽፍለት ጓደኛው ነበር። በሰው እጅ ደግሞ ስንቱ ይነገራል?

ራሱ የጻፈላትን የመጀመሪያ ደብዳቤ እማዬ ሳጥኗ ውስጥ እንዳኖረች አላውቅም ነበር። ከአርባው በኋላ አውጥታ አሳየችኝ። የደብተር ቅጠል ነው። ፊደሎቹ ዶሮ የጫረቻቸው ይመስላሉ። «ለጤናሽ እንደምን አለሽ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይልና ወዲያው «ይህን የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ» ይላል። ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል የለበትም። በጎቹ ወልደው እንደሆነ ይጠይቃል፣ አባቷን ሰላም በይልኝ ይላል።

አሁን ሳስበው፣ እኔን ለማስተማር ለምን እንደዚያ እንደታገለ ይገባኛል። «ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን?» የሚለውን ሁሉ ችላ ብሎ ደብረ ብርሃን ድረስ ይዞኝ መጣ። ቤት ተከራየልኝ። በሶውን፣ ቆሎውን፣ ሽሮውን በመኪና እየላከ አስጨረሰኝ። ከስንቁ ጋር ሁልጊዜ ብጣሽ ወረቀት ነበር። «በርትተሽ አጥኚ። ብርድ ልብሱ ካነሰሽ ላኪብኝ» የሚል።

ደብዳቤውን ኮፒ አድርጌ ለወንድሞቼ ልሰጣቸው ነው። እማዬ ፈቅዳለች። ዋናው ግን ከሳጥኗ አይወጣም ብላለች።